የሞስ ቋንቋ

አባቴ በእንግሊዝኛ የሚያናግረው ሁለት ፍጥረት ብቻ ነበር፤ ውሻችንን ሞስንና ጎረቤታችንን ሙሪየል ቶርሊን። እኔ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነው። በስምንት ዓመት ጭንቅላቴ አውጥቼ አውርጄ የደረስኩበት ነገር ደግሞ አንድ ነበር፤ አባቴ ሙሪየልን በጣም ይወዳታል።

አትሳቁ። ሞስን ብታዩት ኖሮ እናንተም እንደኔ ታስቡ ነበር። አባቴ ከተራራ በዝናብ በስብሶ ሲመለስ መጀመሪያ ውሻውን በጆንያ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው እኛ እራት መብላት አለመብላታችንን የሚጠይቀው። ከሥጋ ጥሩ ጥሩው ለሞስ ነው። ሲያሰማራው «ተኛ!» «በግራ!» «ዙርና ና!» ይለዋል፤ በጎቹ በረት ገብተው በሩ ሲዘጋ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይበቃል ሞስ» ይለዋል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። «ይበቃል» ሲባል ሞስ ይመጣና ጭንቅላቱን አባቴ ጉልበት ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ያ ትልቅ ሻካራ እጅ ቀስ ብሎ ይወርድና ጆሮውን ይዳብሰዋል። እኔ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ እጁን አያለሁ። እኔ ጭንቅላት ላይ አንድም ቀን አርፎ አያውቅም።

በእኛ የዌልስ ሸለቆ የበግ ውሻ የሚታዘዘው በእንግሊዝኛ ነው። ዘሩ የተመሰከረለት ውሻ ከድንበር ማዶ ከእንግሊዞች ስለሚገዛ ትእዛዙም አብሮት ይመጣል። ፖስታ ቤት የምትሠራው እትዬ ማይኒር ግን የራሷ ማብራሪያ ነበራት፤ «ዌልስኛ እኮ የሚጸለይበት ነው፤ በሱ ደግሞ ውሻ ይሰደብበት?» ትል ነበር። እኔ ይሄ አልገባኝም። እኛ ቤት ዌልስኛ እንደ ውሃ ነው፤ እማዬ የምትቆጣበት፣ ማንም የማያመሰግንበት ተራ ነገር ነው። እንግሊዝኛን ግን አባቴ ቆጥቦ ለሚወደው ብቻ የሚያወጣው ይመስለኝ ነበር።

ሙሪየልና ባሏ ሬጅናልድ ከበርሚንግሃም መጥተው ከኛ በታች ያለውን ሃቮድ የሚባለውን ቤት የገዙ ሰሞን አጎቴ ግዊሊም ሻንጣውን ይዞ ወደ ሊቨርፑል ሄደ። ሥራ አግኝቶ ነው ተባልኩ። እኔም አምኜ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጉራዬን ነዛሁ።

ሥራ አላገኘም ነበር። ሃቮድ አያቴ ዕድሜ ልኩን በኪራይ የኖረበት፣ አባቴና አጎቴ የተወለዱበት ቤት ነው። ባለርስቱ ለጨረታ ሲያወጣው አጎቴ እገዛለሁ ብሎ ደፋ ቀና አለ። የበርሚንግሃሞቹ ግን የከተማ ቤታቸውን ሸጠው ስለመጡ ሳያቅማሙ ከፍለው ወሰዱት። ይህን ያወቅሁት አጎቴ ሊቨርፑል ውስጥ ብቻውን ሞቶ ልንቀብረው የሄድን ጊዜ ነው።

ሬጅናልድ በገባ በሳምንቱ በሩ ላይ ያለውን «ሃቮድ» የሚል የድንጋይ ሰሌዳ አነሳና «የጽጌረዳ ቤት» የሚል በእንግሊዝኛ ሰቀለ። ግቢው ውስጥ አንዲት ጽጌረዳ የለችም፤ ያ ንፋስ መቼ ያስቀምጣትና! ሙሪየል የድሮውን ሰሌዳ ከቆሻሻ ክምር አውጥታ አጠበችና ወጥ ቤቷ መስኮት ላይ አቆመችው። ረዥም ሴት ናት፤ ፀጉሯ ሁልጊዜ ከማስያዣው ያመልጣል፤ እግሯ ላይ ክረምት ከበጋ ያው አረንጓዴ ቦት ጫማ ነው።

መጀመሪያ የሰማኋት ፖስታ ቤት ነው። ቤቱ ሞልቷል፤ ሁሉም ያወራል፤ እትዬ ማይኒር ስለ አንዲት ሴት የጥርስ ሕመም እየተረከች ነበር። የበሩ ደወል ሲጮህና ሙሪየል ስትገባ እትዬ ማይኒር በዌልስኛ የጀመረችውን ነገር በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። ሌሎቹም ወዲያው ተገለበጡ። መንገድ ላይ ከብት ሲመጣ ሰው ወደ ዳር እንደሚወጣው ነው፤ ማንም ለማንም አይነግረውም።

ሙሪየል ፊቷ ቀላ። «እንደምን አደራችሁ» አለች በዌልስኛ። «ዛሬስ ዝናቡ አዘነልን።»

«አዎ ወይዘሮ ቶርሊ፤ ደስ የሚል ቀን ነው» አለች እትዬ ማይኒር በእንግሊዝኛ። «ቴምብር ነው የፈለጉት?»

«አዎ፤ እባክዎ» አለች ሙሪየል በዌልስኛ።

«ይኸው፤ ሌላስ?» በእንግሊዝኛ።

«ሌላ የለም። በጣም አመሰግናለሁ። ደኅና ዋሉ።» በዌልስኛ።

«ደኅና ይዋሉ ወይዘሮ ቶርሊ። በሩን ይዝጉልን፤ ንፋሱ መጥፎ ነው።» በእንግሊዝኛ።

በሩ እንደተዘጋ ዌልስኛው ተመለሰ። «ሰማችኋት?» አለች እትዬ ማይኒር። «ቤቱን ወሰዱ፤ መስኩን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ ቋንቋውን ከአፋችን ሊያወጡት ነው! ቆይ፤ እሷ ዌልስኛ ከቻለች፣ እሷን ራሷን የት ሄደን ልናማት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ሰው ሲስቅ ደስ ይለኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬን ጠየቅኋት። «እሷ ስትገባ ለምንድነው ቋንቋ የምንቀይረው?»

«ጨዋነት ነዋ። እንግዳ በማይገባው ቋንቋ አይወራበትም።»

«ይገባታል እኮ!»

«ገና እየተማረች ነው።»

«ካላናገርናትስ እንዴት ትማራለች?»

«ሌይኪ!» አለችና እጄን ጎተተችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ረዝሟል።»

ጨዋነት ነው ያለችኝን ወሰድኩ፤ ለረዥም ጊዜም ይዤው ኖርኩ። ዛሬ ግን እንደዚያ ዓይነት ጨዋነት ከሚያሳዩኝ በጥፊ ቢመቱኝ እመርጣለሁ።

የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ የሚያወርደኝ ሃቮድ በር ላይ ነው። ሙሪየል አንድ ቀን ጠብቃ አስገባችኝና በቅቤና በጃም የራሰ ትኩስ ዳቦ ሰጠችኝ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ወጥ ቤቷ ውስጥ ዌልስኛ ብቻ ነበር የምናወራው። መጀመሪያ «እርስዎ» ስላት ከት ብላ ሳቀች።

«አንቺ በይኝ።»

«ነውር ነው፤ እማዬ ትገድለኛለች።»

«እዚህ ቤት ብቻ። በዚህ ቋንቋ አንቺ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አንዴ ልስማው።»

«አንቺ» አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። እኔ ደግሞ ዳቦዬን ጎረስኩ።

ሬጅናልድ ምድጃው አጠገብ ከጋዜጣው ጀርባ ሆኖ ያጉረመርማል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አፉ አያርፍም። «ደግሞ ጀመራችሁ? ሙሪየል፣ ማንን ልታናግሪ ነው ይሄ ሁሉ ድካም? በጎቹን? አንቺ ሚጢጢ፣ እስቲ ንገሪያት፤ አባትሽ እንግሊዝኛ አይችልም?»

«ይችላል።»

«ይኸው! ይችላል! ሁሉም ይችላሉ! አሥር ዓመት ብትለፊ አንድም ሰው አይመልስልሽም። ወርጄ አንድ ቢራ ብጠጣበት ይሻለኛል።»

ወርዶም ይጠጣ ነበር፤ ሰውም ይወደው ነበር። አንዲት ቃል ያልተማረውን፣ የአያቴን ቤት ስም ከበሩ ነቅሎ የጣለውን ሰውዬ ትከሻውን እየመቱ ያስቁታል፤ ይጋብዙታል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው። እሱ ምንም አልጠየቀንም። እሷ ግን ጠየቀችን።

አንድ ቀን ልብስ እያሰጣን ሙሪየል ሥራዋን አቆመች። «ሌይኪ፤ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አለች። ዌልስኛ ስታወራ ቀስ እያለች ነው፤ እንቁላል እንደሚቆጥር ሰው። «አንድ ትልቅ ሰው፤ አንድ ብቻ፤ በዌልስኛ ሳናግረው በዌልስኛ እንዲመልስልኝ።»

«እኔ እመልስልሽ የለ?»

«አንቺማ ልጅ ነሽ።»

ከፋኝ። «አባቴስ?» አልኩ።

«አባትሽ ከመለሰልኝማ ሸለቆው በሙሉ ይመልስልኛል።»

እውነቷን ነበር። አባቴ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነው። የእኛ ሰባኪ ለሦስት ጸሎት ቤት ስለሚዳረስ፣ ባልመጣ ጊዜ ከመድረኩ ሥር ካለው ከሽማግሌዎቹ ወንበር ተነስቶ የሚመራው አባቴ ነው። በመኸር ምስጋና ቀን ደግሞ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የፈለገ ሁሉ ወደፊት ይወጣል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ በቃሉ ያጠናውን ይላል፤ ሲጨርስ አባቴ «ጎበዝ» ይለዋል።

«ለሁሉም?» አለች ሙሪየል።

«ለሁሉም። አንዴ ዳቪ የሚባል ልጅ ግማሹ ጠፍቶት ሲያለቅስ እንኳን ጎበዝ ብሎታል።»

«በዌልስኛ?»

«ታዲያ በምን ሊለው ነው?»

ሙሪየል እርጥቡን አንሶላ ደረቷ ላይ ይዛ ቆየች፤ ሸሚዟ ሁሉ ራሰ።

ከዚያ በኋላ በጋውን በሙሉ ከመዝሙረ ዳዊት ስለ ተራሮች የሚናገረውን መዝሙር ስናጠና ከረምን። አጭር ጥቅስ ትበቃሽ ነበር አልኳት፤ እምቢ አለች። እሷ ትላለች፣ እኔ አርማለሁ፣ እንደገና ትላለች። ላሟን ስታልብ ትለዋለች፤ እሾህ ስትመነጥር ትለዋለች። አንዳንዴ ሬጅናልድ በመስኮት ብቅ ይልና «ሜ!» ይላል እንደ በግ። እሷ አትሰማውም።

ፈቃድ ልትጠይቅ የመጣች ቀን አባቴ ግቢ ውስጥ የበግ ሰኮና እየከረከመ ነበር። ሞስ አጠገቡ ተኝቷል። ሙሪየል ቦት ጫማዋን አጥባ፣ ፀጉሯን አስይዛ መጣች።

«አቶ ኢቮር» አለች በዌልስኛ፤ «በምስጋናው ቀን ወጥቼ መዝሙር እንድል ይፈቅዱልኛል?»

አባቴ ቀና አላለም። «አይቸገሩ ወይዘሮ ቶርሊ» አለ በእንግሊዝኛ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «እዚህ ሁላችንም እንግሊዝኛ እንችላለን።»

«በእንግሊዝኛ አይደለም የምለው።» በዌልስኛ።

አባቴ በጓን ለቀቃትና ተነሳ። አያትና ፈገግ አለ። «እናያለን» አላት፤ አሁንም በእንግሊዝኛ። ሞስም ሙሪየልም ቀና ብለው ያዩታል። እኔ ከአጥሩ ላይ ሆኜ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ በአንድ ጊዜ ይሄን ያህል እንግሊዝኛ ለሰው ሲያወጣ አይቼው አላውቅም።

በዚያው ምሽት እትዬ ማይኒር ሻይ ልትጠጣ መጣች። እኔ ጠረጴዛው ሥር ከሞስ ጋር ነኝ።

«እንዴት ብዬ ነው እምቢ የምላት?» ይላል አባቴ። «ጸሎት ቤት ነው። የማንም በር አይዘጋበትም።»

«ማን ዝጋባት አለህ?» አለች እትዬ ማይኒር። «ክፈትላት እንጂ! ትውጣ። ሰው ሁሉ ፊት ትቁምና ራሷን ትስማው።»

«እውነት ነው» አለች እማዬ፤ «አንዴ ከቆመች ሁለተኛ አትጠይቅም።»

አባቴ በአፍንጫው ሳቀ። እኔ ሞስን አንገቱን አቀፍኩት። አንዴ ከቆመች የእኛ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ የለ ምን የለ፤ እንደዚህ ነበር የገባኝ። በማግስቱ ከአውቶቡሱ ዘልዬ ወርጄ «ፈቅደዋል! ሁሉም ፈቅደዋል! እማዬ ሳትቀር!» ብዬ ጮህኩ። ሙሪየል አንስታ አሽከረከረችኝ። ሳመችኝ፤ ፊቷ እርጥብ ነበር።

የምስጋናው ቀን ጸሎት ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። መስኮቶቹ ላይ ፖም፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ትልልቅ ዳቦ ተደርድሯል። የጋዝ ማሞቂያው ይሸታል፤ የሴቶቹ ቦርሳ ውስጥ ያለው የናና ከረሜላ ይሸታል። ሙሪየል ብቻዋን መጣች፤ ሰማያዊ አዲስ ባርኔጣ አድርጋለች። ከኋላችን ተቀመጠች። ዞር ስል መዝሙሩን በከንፈሯ ስትደግም አየሁ። «አይዞሽ» አልኳት። እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ሕፃናቱ ቀደሙ። እኔም ወጥቼ የኔን አልኩ። «ጎበዝ» አለኝ አባቴ። ከኔ በኋላ ለመጣው ልጅም «ጎበዝ»፤ ከሱ ቀጥላ ለመጣችውም «ጎበዝ»። ከዚያ ትልልቆቹ ወጡ። በመጨረሻ ሙሪየል ተነሳች።

መጀመሪያዋን መስመር ስትል እትዬ ማይኒር መሐረብ አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ ያለችው ሴት ትከሻም ጀመረው፤ ከዚያ የቀጣይዋ፤ ወንበሩ በሙሉ። እኔ እያለቀሱ መሰለኝ። ጸሎት ቤት ውስጥ ሰው ሲነካው ያለቅሳል።

ሙሪየል ግን አላቆመችም። እጆቿን ሁለት ጎኖቿ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከኋላ ግድግዳው ላይ ተክላ ትናገራለች። ሁለተኛውን መስመር አለች፤ ሦስተኛውን አለች፤ ትከሻዎቹ አንድ በአንድ አረፉ። ያን መዝሙር ከዚያ ወዲህ ከስንቱ ሰባኪ አፍ፣ በስንቱ ቀብር ሰምቼዋለሁ። እንደሷ ያለው የለም። ላሟን እያለበች፣ እሾህ እየመነጠረች የኖረችበት ነገር ነው፤ ድምፅዋ ውስጥ ተራራው ራሱ ነበር። ከኋላ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት አብራት ማንበልበል ጀመረች። ማን እንደሚናገር ስላላየች ይሆናል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሌላ።

አባቴ ይህን አየ። ፊቱ ሲለወጥ አይቼዋለሁ፤ ያኔ ደስታ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ምን ሲያሰላ እንደነበር አውቃለሁ። ከጨረሰች ያችን አንዲት ቃል፣ «ጎበዝ»ን፣ በዌልስኛ ሊላት ነው። ወጉ ነው፤ ለሁሉም ብሏል፤ ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው። እሷም ያችን ቃል እየጠበቀች ነው።

ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እጁን አነሳ።

«ይበቃል፣ ወይዘሮ ቶርሊ» አለ በእንግሊዝኛ።

በዚያ ቤት ግድግዳ ውስጥ እንግሊዝኛ ተነግሮ አያውቅም ነበር። ሙሪየል አፏ እንደተከፈተ ቆመች። አሮጊቷ ብቻዋን ሁለት ቃል ቀጠለችና ደንግጣ ዝም አለች። አባቴ ግን በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ «ለእንግዳችን ክብር ስንል ማሳረጊያውን በእንግሊዝኛ እንጸልያለን» ብሎ ጸለየ። ሙሪየል ቆማ ሰማችው፤ ቦታዋ መመለስ እንኳን ረስታ ነበር።

እኔ በደስታ ልፈነዳ ነው። ቡራኬው እንዳለቀ በሰው መሃል እየተሽሎኮሎክሁ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ሰዉ ተሰብስቧል። «አያችሁ?» ትላለች እትዬ ማይኒር፤ «አንዷ ገባችና ምስጋናችን በእንግሊዝኛ ሆኖ አረፈው! ይኼው ነው መማሯ!» ሙሪየል በመሃላቸው አልፋ ወደ አጥሩ ትሄዳለች፤ ለማለፍ ከመንገዷ ዞር እያሉላት፣ ባርኔጣቸውን እያነሱላት።

«ሙሪየል!» ብዬ ጮህኩ፤ አንቺ የምላት ቤቷ ውስጥ ብቻ መሆኑን ረስቼ። «ሰማሽው? ይበቃል አለሽ እኮ! ጎበዝ ለሁሉም ነው፤ ለኔም ብሎኛል፤ ምንም አይደለም! ይበቃል የሚለው ግን ለሞስ ብቻ ነው! ለሞስና ላንቺ ብቻ ነው የሚለው!»

 መጀመሪያ አንዱን ሳቅ በአፍንጫው አመለጠው፤ ከዚያ እትዬ ማይኒር፤ ከዚያ ያ ሁሉ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ታፍኖ የነበረ ሳቅ በአንድ ጊዜ ወጣ። ሆዳቸውን ይዘው፣ የጸሎት ቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። እማዬ ፊቷን በጓንቷ ሸፍና ሳቀች።

ሙሪየል አልሰማቻቸውም መሰለኝ። ከጭንቅላቴ በላይ አሻግራ ታያለች። ዞሬ ሳይ አባቴ ደጃፉ ላይ ወጥቷል። ከአጥሩ ሥር ሲጠብቀው የነበረው ሞስ ተነስቶ ሄደና ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። እጁ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ጆሮውን ዳበሰው።

«ወደ እናትሽ ሂጂ» አለችኝ ሙሪየል። በእንግሊዝኛ ነበር። በእንግሊዝኛ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ እኔም ኮራሁ።

ለዚያ ቀን ምላሴ ይቅርታ የምጠይቅ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ነበርኩ፤ ያወቅሁትን ተናገርኩ። ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ከሙሪየል አፍ አንዲት የዌልስኛ ቃል አልወጣችም። ከአውቶቡስ ስወርድ በሩ ዝግ ነው። መስኮቷ ላይ የነበረው የድንጋይ ሰሌዳ ተነሳ። ሰዉም ምን ቢል ጥሩ ነው? «አላልኳችሁም? እንግሊዝ እንደሁ ይጀምራል፣ ይተዋል!» አለ። ከተወችው በኋላ ግን ወደዷት። እማዬ እንቁላል ትልክላት ጀመር። እትዬ ማይኒር «እንዴት ያለች ጨዋ ሴት መሰለቻችሁ» ትል ነበር። ሬጅናልድ ሲሞትም ሸለቆው በሙሉ ወጥቶ ቀበረላት፤ ለእሷ ክብር ሲባል በእንግሊዝኛ።

ጸሎት ቤቱ ሰው አጥቶ ተሸጠ። ዛሬ የማንቸስተር ሰዎች የዕረፍት ቤት ነው፤ የሽማግሌዎቹ ወንበር በነበረበት ቦታ መታጠቢያ ገንዳ ገብቶበታል ይላሉ። እማዬም እትዬ ማይኒርም ሞተዋል። ሃቮድም ባዶውን ቀርቷል።

አባቴ ባሕሩ ዳር ካለው ከተማ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የመርሳት በሽታ ነው። ሐኪሙ በኋላ የተማሩት ቀድሞ ይሄዳል አለኝ፤ እንዳለውም እንግሊዝኛው ሄደ፤ የልጅነት ዌልስኛው ብቻ ቀረው። የሚንከባከቡት ልጆች ደግሞ ከሊቨርፑል፣ ከማኒላ፣ ከየትም የመጡ ናቸው። ደጎች ናቸው፤ ግን አንዳቸውም አይሰሙትም።

እኔ ርቄ ካርዲፍ ከተማ ስለምኖር ቶሎ ቶሎ አልሄድም። ባለፈው ክረምት ስሄድ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ብርድ ልብሱ ወድቋል፤ በባዶ እግሩ ነው። ያለማቋረጥ አንድ ነገር ያንበለብላል።

«ቀኑን ሙሉ እንደዚህ ነው» አለችኝ የምትንከባከበው ሼረል። «ጸሎት መስሎን ነበር። በጣም ሃይማኖተኛ ሰው ነበሩ አይደል?»

«እግሬን በረደኝ ነው የሚለው» አልኳት።

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ከመቼ ጀምሮ? እኛ እኮ... ወይኔ!»

«የሚተረጉምላችሁ ሰው የለም?»

«ማንም የለ። ወይዘሮ ቶርሊን ጠይቀን ነበር፤ ጎረቤታቸው ነበርኩ ስላሉን። እሳቸውም ዌልስኛ ተምሬ አላውቅም አሉን።»

ዞር አልኩ። ከአባቴ ወንበር ጎን፣ እጅ ቢዘረጋ የሚደረስበት ቦታ ላይ፣ ሙሪየል ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኖ አሁንም ከማስያዣው ያመልጣል። እሷ አእምሮዋ እንደ ምላጭ ነው፤ ሼረል ናት የነገረችኝ፣ የጋዜጣውን እንቆቅልሽ ቁጭ ብላ ነው የምትጨርሰው አለችኝ።

ሄጄ አጠገቧ በርከክ አልኩ። «እንደምን አለሽ ሙሪየል?» አልኳት በዌልስኛ። «ሌይኪ ነኝ።»

ሥራዋን አላቆመችም። ዓይኗ ግን ገባው፤ «አንቺ» ስላት ገባው፤ አየሁት።

«አትቸገሪ ልጄ» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ በለስላሳ ድምፅ። «እዚህ ሁላችንም እንግሊዝኛ እንችላለን።»

 ተነስቼ አባቴን ካልሲ አደረግሁለት፤ ብርድ ልብሱን አለበስኩት። እግሩ በረዶ ነበር። ሼረልን «በረደኝ» እንዴት እንደሚባል ነገርኳት፤ ሁለቴ ደገመችውና ሳቀች፤ ሌላ አዛውንት ጠርቷት ሄደች። አባቴ አላወቀኝም። ከእግሩ አልፎ አሁን ሌላ ፈልጓል፤ «ቤቴ ውሰዱኝ፤ ቤቴ ውሰዱኝ፤ ሃቮድ ውሰዱኝ» ይላል፤ እንደ ሕፃን ድምፁ እየጨመረ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው ያዩታል፤ አንዱም አይገባውም። ከአንዷ በቀር።

ሙሪየል ሹራቧን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ይበቃል፣ ኢቮር» አለችው በእንግሊዝኛ።

አባቴ ወዲያው ዝም አለ። ከነበረው እንግሊዝኛ ሁሉ ያቺ ቃል ብቻ ቀርታው ኖሯል። ጭንቅላቱን ቀስ ብሎ ወደሷ ዝቅ አደረገና ጠበቀ።

እሷ ሹራቧን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች።